«አባታችሁ ደክሞታል»

ዛሬ የማወጋችሁ ከመድረክ ላይ ብዙም ስለማንሰማው ነገር ነው። ከጦር ሜዳ ስለ ተመለሱ ወንድሞች፣ ይልቁንም ሌሊቱን አብረዋቸው ስለሚያነጉት ሚስቶችና ልጆች። ምናልባት አንቺ ይህን ገጽ የምታነብቢው በሩን ዘግተሽ ይሆናል። አይዞሽ፤ እኔም ከእንዲህ ያለ ቤት ነው የወጣሁት።

የተወለድሁት ሐረር ነው። እንግዳ ሰው ሐረርን በአምስቱ በሮቿ፣ በጅቦቿና በቡናዋ ያስታውሳታል። እኛ ግን የወታደር ልጆች ሆነን ነው ያደግንባት። የ3ኛ ክፍለ ጦር መምሪያ እዚሁ ነበር፤ አባቴም የዚያ ክፍለ ጦር ወታደር ነበረ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ፣ ከዚያም ውጊያው እስከ ሐረር ደጃፍ ሲደርስ እርሱ በውስጡ ነበረ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ሲገኝም ነበረ። እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተወለድሁ ነኝ። ጎረቤቶች ስለ ካራማራ ሲያነሡ «ጀግና» ይሉታል፤ እርሱ ፈገግ ይልና ወደ ውስጥ ይገባል።

አባዬ አልጋ ላይ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ማታ ማታ ዱካውን በሩ ሥር ያስጠጋና ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። ጅብ ሌሊቱን ሙሉ ቢጮህ ግድ አይሰጠውም፤ እንዲያውም ጅቡ ሲጮህ የሚረጋጋ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ቆርቆሮ በር ድንገት ከተላጋ ግን መሬት ላይ ተደፍቶ እናገኘዋለን። እናቴ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበራት፦ «ልጆች፣ አባታችሁ ደክሞታል፤ ድምፅ አታሰሙ።» ጠዋትም ደክሞታል፣ በበዓልም ደክሞታል። እኛ ልጆች ማንኪያው ሳሕኑን ሳይነካ መብላትን ተማርን። ከእርምጃው ብቻ ቀኑ እንዴት እንደሚውል እናውቅ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ነው በአንድ ጊዜ ያለ ሥራ የቀረው። አባዬ መለዮውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ሰቀለው። ስለ እህል፣ ስለ ቤት ኪራይ ከሰው ጋር እንነጋገር ነበር፤ ስለ ሌሊቱ ግን ለማንም ተናግረን አናውቅም። የአእምሮ ሕመም ሲባል በዚያ ዘመን ሰው የሚያውቀው አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤል ሆስፒታልን ነው፤ «አማኑኤል ይግባ» ማለትም ስድብ ነበር። እናቴ ያንን ስድብ ለባሏ አትፈልግም ነበር። አባዬ እንደዚያው ዱካው ላይ እንዳለ አርጅቶ ሞተ። እናቴ በኋላ ጌታን አገኘች፤ እኔም በእርሷ በኩል።

ይህን ሁሉ የማወራው ያልተማርሁ እንዳይመስላችሁ ነው። ከዚህ ቤት ወጥቼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ፣ መጋቢ አግብቼ ወደ ሐረር ስመለስ ምንም አላወቅሁም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት እህት ወደ ቤቴ መጣች። ባሏ እግሩ ቆስሎ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ተመልሷል። (ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ትቼዋለሁ።) ሻርፗን ከአንገቷ አላወረደችም። «እንቅልፍ ላይ ሆኖ አነቀኝ» አለችኝ፤ «ሲነቃ እኔ መሆኔን አይቶ አለቀሰ።» እኔ ምን አልኋት መሰላችሁ? ክፉ መንፈስ ስለሆነ ጹሚ፣ ጸልዪ፣ ታገሺ፣ ደግሞም ገመናሽን ለሰው አታውጪ አልኋት። እጄን ጭኜ ጸለይሁላትና ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋት። ደህና ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር!

ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ልጆች ከሰንበት ትምህርት ሲወጡ በር ላይ ቆሜ ነበር። የዚያች እህት ትንሽ ልጅ እየዘመረች፣ እየዘለለች መጣች። እናቷ እጇን ያዝ አደረገችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቤት ስንደርስ አትጩኺ እሺ? አባትሽ ደክሞታል» አለቻት።

ጉልበቴ ከዳኝ። የእናቴ ቃል ነበር። በእናቴ አፍ ላይ የነበረውን ዝምታ እኔ ራሴ ለዚህች ሴት አውርሻት ነበር።

በማግስቱ ምክር ሳልይዝ ሄድሁ። ይቅርታ ጠየቅኋትና «ንገሪኝ» አልኋት። የነገረችኝን ሁሉ አልጽፈውም። ባሏ መኪና ግርግር በሚባለው የጀጎል መንገድ ማለፍ አይችልም። ያ መንገድ በልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው ስሙን ያገኘው፤ ለእኛ ደስ የሚል ድምፅ ነው፣ ለእርሱ ግን መትረየስ ነው። አንድ ቀን መሐል ላይ ደርሶ ላብ አጥምቆት፣ በክራንቹ እየተደናቀፈ ወደ ፈረስ መጋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሚውለው ጫት ሲቅም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጫቱ ሰምታ ከኅብረት ልታግደው ተቃርባ ነበር። የሚቅመው ግን ላለመተኛት ነበር። ሲተኛ ጓደኞቹ ይመጣሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይብስበታል፣ ሲብስበት ይቅማል። ይህን ክብ ማንም ሳይጠይቀው ነበር እኛ ልንፈርድ የተነሣነው።

ለሕመሙ ሐኪሞች ስም አላቸው፤ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚከተል የጭንቀት ሕመም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 በሕመሞች መዝገብ ያሰፈረው ከቬትናም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ጉዳይ ገፍቶ ከመጣ በኋላ ነው። ሕመሙ ግን ከስሙ በፊት በአባዬ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያየው ነገር በሕልም ይመለሳል፤ በቁሙም ይመለሳል። የሚያስታውሰውን ቦታና ሰው ይሸሻል፤ ልቡ ደንዝዞ ልጁን ማቀፍ ያቅተዋል፤ ሰውነቱ ሁልጊዜ ዘብ ላይ ነው። ይህ ከወር በላይ ከቆየ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሕክምናም አለው፤ በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ የንግግር ሕክምናና መድኃኒት።

ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስንሄድ አራት ነበርን፤ እርሱ፣ እርሷ፣ ባለቤቴና እኔ። ባለቤቴ መጋቢ መሆኑን አውቀው ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ይዩን! ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ጸለይን፤ እንዲህ ያለ ጸሎት በሕይወቴ ብዙ አልጸለይሁም። የታዘዘለት መድኃኒት እስኪሠራ ሳምንታት ወሰደ። ትንሽ ሲሻለው ደግሞ አንድ እንግዳ አገልጋይ «በእምነት ጣለው» ብሎት ጣለ። ወር ሳይሞላው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ከዚያም አልፎ «ብሞት ይሻላችሁ ነበር» ማለት ጀመረ። ያን ሰሞን ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን አልተውነውም፤ በተራ አደርን፣ ሆስፒታልም መልሰን ወሰድነው። እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ይህን ቃል ከተናገረ «ለማስፈራራት ነው» አትበዪ። መሣሪያ በቤት ካለ በዚያው ቀን ይውጣ፤ ሰው ጥሪ።

እኔ በጸሎት ፈውስ አምናለሁ፤ አይቻለሁም። ነገር ግን ኤልያስን ተመልከቱ (1ኛ ነገሥት 19)። በቀርሜሎስ ያን ያህል ድል ካየ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፣ መንፈስም አላወጣለትም። እንጎቻ አበላው፣ ውኃ አጠጣው፣ እንደገና እንዲተኛ ተወው። ጌታ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። በዘኁልቁ 31 ደግሞ ከውጊያ የተመለሱት ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ እንዲቆዩ ታዘዋል። ትእዛዙ ስለ መንጻት መሆኑን ኮሌጅ ተምሬአለሁ። ዛሬ ሳነብበው ግን ከጦር ሜዳ ወደ ማጀት በአንድ ቀን እንደማይገባ አይበታለሁ። እኛ ግን ሰውየው ከአውቶቡስ በወረደ በሳምንቱ ምስክርነት እንዲሰጥ መድረክ ላይ አውጥተነው ነበር።

መቀመጥን ያስተማሩን ደግሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የሐረሪ ሴቶች አፎቻ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ሐዘን የደረሰበትን ቤት ከብበው ይቀመጣሉ፣ ሥራውን ይሠሩለታል። ሙስሊም ጎረቤቴ ሐዘን ቤት ስትሄድ ብዙ ስታወራ አላየሁም። የኢዮብ ወዳጆችም በመጀመሪያ ሰባት ቀን ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር (ኢዮብ 2፥13)፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኛም ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የወታደር ሚስቶችን ቡና ማፍላት ጀመርን። ስብከት የለም። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነበሩ፤ አንዷ ባሏ በባድመ ጦርነት፣ በ1991 ዓ.ም. የቆሰለ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም አልተናገረችም። እርስ በርስ የሚሰጣጡት ምክር ከእኔ ኮሌጅ ትምህርት ይበልጣል። ሲቃዥ በእጅሽ አትንኪው፣ ከእግርጌ ራቅ ብለሽ በስሙ ጥሪው ይላሉ። ለልጆቹ አባታቸው እንደታመመ፣ ጥፋቱም የእነርሱ እንዳልሆነ ንገሪያቸው ይላሉ። ቀን በንቃት እጁን የሚያነሣብሽ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ እኔ ቤት አልጋ አለ ያለች አለች። መታዘዝን ያስተማርሁ እኔ ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ።

ለወንድማችን ግን ከሁላችን ይልቅ የጠቀመው አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ከ70 ዓመት አልፎታል፤ የ1970ው ጦርነት ተዋጊ ነው። የሐረር ልጆች «አንቱ» አይሆንልንም እየተባለ ይቀለድብን የለ? ወጣቱም «አንተ» ነው የሚለው፣ እርሱም ደስ ይለዋል። አንድ ጠዋት ወጣቱን ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ «እኔ እስከ ዛሬ ሌሊት ተነሥቼ በሩን ሦስት ጊዜ አያለሁ። አንተስ ስንት ጊዜ?» አለው። ወጣቱ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ፣ «አልቆጠርሁም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ በክራንች፣ አንዱ በከዘራ። ምን እንደሚያወሩ ሚስቶቻቸውም አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ለመኪና ግርግር ተነሡ። በመጀመሪያው ቀን ፈረስ መጋላ ቆመው ድምፁን ከሩቅ ሰምተው ተመለሱ። በሁለተኛው ሦስት ሱቅ ያህል ገቡ። ስንት ቀን እንደ ፈጀ አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ግን የልጅቷን ዩኒፎርም ራሱ ወስዶ፣ ሰፊው ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጦ አሰፋላት። ረቡዕ ቡና ላይ እናቷ አምጥታ አሳየችን። እጅጌው አጥሮባታል። እንደገና ይዞት ሊሄድ ነው።