«ወገቤን!» ለሚሉ ሯጮች

ሯጭ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው እግሩን ነው። ጉልበቱን፣ ባቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን። እኔ ሮቤ ከተማ አብሬያቸው ከምሮጠው ወጣቶች መሐል ግን አብዛኛው የሚያማርረው በወገቡና በዳሌው ነው። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ እንደ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው «እህህ...» ይላሉ። ዕድሜያቸው እኮ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው! ምን ነካቸው?

አንዱ ምክንያት መንገዱ ነው። ሲናና የስንዴ አገር ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ዓይን ይሸነግላል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው አስፋልት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከሮቤ ወደ ጎባ የሚሮጥ ሰው ሜዳ ላይ ያለ ይምሰለው እንጂ ዳገት እየወጣ ነው። ሲደክመው ከወገቡ ይጎብጣል። ሲመለስ ቁልቁለት ይሆንና ደረቱን ወደ ኋላ ጥሎ በተረከዙ መሬቱን ይደበድባል። ያ ምት እግር ላይ ብቻ አይቀርም፤ ዳሌና ወገብ ድረስ ይዘልቃል። እንጦጦን ወጥታችሁ የምትወርዱ የአዲስ አበባ ልጆችም ይኼ አይጠፋችሁም።

ይሁንና መንገዱን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከጓደኞቼ አንዱ ባጃጅ ሹፌር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ይሮጣል፤ ከዚያ እስኪመሽ ባጃጁ ውስጥ ተጣጥፎ ይውላል። ሌላዋ ተማሪ ናት፤ ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር። እንግዲህ ከወገብ አከርካሪ አጥንቶች ተነስቶ በሆድ ዕቃ በስተኋላ በኩል አልፎ ጭን አጥንት ላይ የሚያያዝ ጡንቻ አለ። ስንሮጥ ጉልበታችንን የሚያነሳልን እሱ ነው። ስንቀመጥ ግን ተሰብስቦ ይውላል። መቀመጫችን ላይ ያለው ትልቁ ጡንቻ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ይለግማል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ የተጣጠፈ ገላ በድንገት ተነስቶ ሲሮጥ የፊተኛው ይጎትታል፣ የኋለኛው አይረዳም፣ ዕዳው ወገብ ላይ ይወድቃል። ለብዙዎቻችን ነገሩ እንዲህ ነው።

መፍትሔው ማባበል ነው እንጂ ትግል አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እግሩን አጥር ላይ ሰቅሎ ጥርሱን ነክሶ እያነጠረ የሚሳሳብ ጎረምሳ በየሜዳው ስለማይ ነው። ጡንቻ በድንገት ሲጎተት ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። ደግሞም የባሌ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ያልሞቀ ገላ አይታዘዝም። ከሩጫ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ እርምጃና ቀስ ያለ ሶምሶማ፣ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ ይበቃል። ቆም ብሎ መሳሳቡ ከሩጫ በኋላ ይሁን፤ ላቡ ሳይበርድ፣ ሹራብ ደርቦ።

እኔ የምጀምረው ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው። አንዱን ጉልበት በሁለት እጄ ይዤ ወደ ደረቴ አቀርባለሁ፤ በልቤ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ፤ ትንፋሼን አልይዝም። ከዚያ ሌላውን። ቀጥሎ ሁለቱንም ጉልበቶች አጥፌ የቀኙን ቁርጭምጭሚት የግራው ጉልበት ላይ አነባብርና የግራውን ጭን ወደ ራሴ እስባለሁ። መቀመጫችሁ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚሳብ ነገር ይሰማችኋል። ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ «ይቺን ያገኘ ሰው ይባረክ» የሚላት እሷን ነው።

የፊተኛውን ጡንቻ ለማላላት ደግሞ አንዱን ጉልበት መሬት ላይ አሳርፉ (ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፣ ሲሚንቶ ጉልበት ይበላል)፤ ሌላውን እግር ወደ ፊት ተክላችሁ ዳሌያችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ግፉ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ወገቡን ይለጥጣል። ሆዳችሁን ጠበቅ፣ መቀመጫችሁን ጭምቅ አድርጉና ጥቂት ብቻ ሂዱ፤ መሳቡ ብሽሽታችሁ ላይ እንጂ ወገባችሁ ላይ መሆን የለበትም። በመጨረሻ ተንበርክኮ መቀመጫን ተረከዝ ላይ አሳርፎ፣ ለሱጁድ እንደሚወረደው ግንባርን ወደ መሬት አድርጎ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ መቆየት አለ። ወገብ የሚያርፍበት ነው።

ሁሉም ተደምሮ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። «መሳብ» እና «ሕመም» ግን አንድ አይደሉም። የሚሳብ ስሜት ይበጃል፤ የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ወዲያው ልቀቁት።

ይኼን ሁሉ ስል ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩ ባለሙያዎች፣ መሳሳብ የማግስቱን የጡንቻ ሕመም የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው ይላሉ። የደረቀን ያለዝባል፣ የተጣጠፈን ይዘረጋል፤ የደከመውን ጡንቻ ግን አያበረታም። ለዚህ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት፣ ጥቂት ይዞ ማውረድ፣ አሥር ጊዜ መደጋገም ይረዳል። ወገብ ያዘኝ ብሎ ሳምንት አልጋ ላይ መዋል ደግሞ የድሮ ምክር ነው፤ ቀለል ያለ እርምጃ ይሻላል። ኪሎ ሜትሩን ባንዴ አለመቆለልም እንዲሁ። ውድድር ደረሰ ተብሎ በሳምንት ውስጥ እጥፍ መሮጥ የት ያደርሳል?

ስለ ወጌሻ ሳላነሳ ባልፍ አትለቁኝም። በቅቤ ቀስ ብሎ መታሸት ገላን ያፍታታል፤ ደስም ይላል። ጀርባ ላይ ቆሞ መርገጥና ወገብ «ቀጭ» እስኪል መጠምዘዝ ግን አይጥመኝም። ነርቭ የተነካበት ወገብ ከሆነ ማን ያውቃል? ይኼን ለአንድ አዛውንት ወጌሻ ብነግራቸው «ልጄ፣ የሚረገጠውንና የማይረገጠውን እኔ አላጣውም» ብለው ሳቁብኝ። እሳቸው ላያጡት ይችላሉ፤ የሠፈሩ ጎረምሳ ግን ያጣዋል።

ሁሉም የወገብ ሕመም የሩጫ አለመሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አብሮን የሚሮጥ አንድ መምህር ነበር። ወገቡና ከዳሌው በስተኋላ ያለው መጋጠሚያ ያመዋል። ሩጫ አቆመ፣ ተሳሳበ፣ ታሸ፤ ወይ ፍንክች! ማታ ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ሰውነቱም ቀነሰ። ሕክምና ሲሄድ ስለ ሩጫው ብዙም አልጠየቁትም። «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?» ነው ያሉት። ይጠጣል እንጂ! ከብት ባለበት አገር ትኩስ ወተት ማን ይጠላል? በደም ምርመራ ብሩሴሎሲስ ተገኘበት። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ የወገብና የዳሌ መጋጠሚያን መያዝ የሚወድ ተሕዋስ ነው። ከስድስት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አብሮ ወሰደና ዳነ። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ወገብ፣ ላብ፣ ክሳት። ወተት አፍልታችሁ ጠጡ፤ ትኩሳት ያለበትን ወገብ በመሳሳብ አትሸንግሉት።

ሴቶች ሯጮች ደግሞ ይኼን ስሙኝ። ብሽሽት ውስጥ ጠልቆ የሚያም፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚብስ፣ በአንድ እግር መዝለል የሚከለክል ሕመም ጡንቻ ላይሆን ይችላል፤ የጭን አጥንት አንገት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በቂ ሳይበላ ብዙ የሚሮጥ ሰው፣ በተለይ የወር አበባዋ የቀረባት ልጅ፣ ለዚህ ትጋለጣለች። ወንዶችም አያመልጡም። በጾም ሰሞን በባዶ ሆድ ረጅም ሩጫ የምትወጡ አስቡበት። እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ ሩጫውም መሳሳቡም ይቁምና ራጅ ወይም ሌላ ምርመራ ይታዘዝ። የመጀመሪያው ራጅ ስንጥቁን ላያሳይ ይችላልና ሕመሙ ካልለቀቀ ድጋሚ ጠይቁ። እግር ከዛለ፣ በሁለት ጭን መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ደግሞ ነገ ሳትሉ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ለማታው፦ በጎን ስትተኙ በጉልበቶቻችሁ መካከል ትራስ አድርጉ፤ ዳሌው ተጣምሞ እንዳያድር ነው። ትራስ ከሌለ የተጠቀለለ ጋቢም ይሆናል። ባጃጅ ነጂው ተራ እስኪደርሰው ድረስ በየሰዓቱ ወርዶ ወዲህ ወዲያ ይላል። ተሳፋሪዎች መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፤ አሁን «ተነቃነቅ እንጂ!» እያሉ የሚያስታውሱት እነሱ ሆነዋል።