እጅ ያወቀውን ሙያ ማን ይቁጠረው?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የብዙዎቻችንን ቤት የሚያንኳኳ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ ሙያ የተማረ ሰው ኮሌጅ ገብቶ ከተማረው እኩል የሚቆጠርበት መንገድ አለ? ካለስ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እኔ የወረታ ልጅ ነኝና ከማውቀው ከፎገራ ሜዳ ልጀምር።

በጎንደር ምድር የሙስሊሙ ኑሮ ከእጅ ሙያ ጋር የተሳሰረ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት አብዛኛው ሙስሊም የርስት መሬት ስላልነበረው እንጀራው ንግድና ሽመና ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ብዙው አባት ለልጁ የሚያወርሰው መሬት ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ሙያ ነበር። ልጅ ከአባቱ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ድርና ማግ መለየት ይማራል፤ ቀስ እያለ መወርወሪያውን ይጨብጣል። የብቃት ማስረጃው ገበያው ነው። ጋቢው ከሳሳ ደንበኛው አይመለስም፤ ጥሩ ከሆነ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

በቂርአቱ ዓለምም ቢሆን ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ደረሳው ኪታቡን ሸኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ ኢጃዛ ይሰጡታል። ኢጃዛ ያለውን ሰው ማንም «ስንት ዓመት ተቀመጥክ?» ብሎ አይጠይቀውም። ጥያቄው «ምን ቀራህ? ከማን ቀራህ?» የሚል ነው። ዕውቀት የሚመዘነው በተቀመጡበት ጊዜ ርዝመት ሳይሆን በተጨበጠው ነገር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሩዙ ልምጣ። ሩዝ በፎገራ ሜዳ ሥር የሰደደው ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ አስጀመሩት። «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ገበሬው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ አስፋፋው። ዛሬ ተመራማሪዎች አዲስ የሩዝ ዝርያ ሲፈትሹ ከኤክስ-ጅግና ጋር ያወዳድሩታል። በገበሬ ማሳ የኖረ ዘር ለምሁራን መለኪያ ሆነ ማለት ነው። የሰው ሙያም እንዲህ ቢከበር ምን ነበረበት?

ሩዙ ሲበዛ መፈልፈያው በዛ፤ መፈልፈያው ሲበዛ ጠጋኝ አስፈለገ። ታላቅ ወንድሜ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ የኖረው በእነዚህ ማሽኖች መካከል ነው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ማሽኑ ሲነሣ ድምፁን ሰምቶ ኩሽኔታው ማለቁን ይናገራል። ሩዙ ተሰባብሮ ከወጣ፣ ጎማው ተበልቶ ይሁን ወይም ሩዙ በደንብ ሳይደርቅ መጥቶ ይሁን በመዳፉ አሽቶ ይለያል።

አንድ ድርጅት የጥገና ባለሙያ ሲፈልግ ወንድሜ አመለከተ። የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ «የደረጃ ማስረጃዎን ያምጡ።» ማስረጃ አልነበረውም። ቦታው ኮሌጅ ለጨረሰ ወጣት ተሰጠ። ወጣቱ ጎበዝና ሰው አክባሪ ነው፤ ማሽኑ ሲያስቸግረው ወንድሜ ዘንድ ይደውላል። ወንድሜም ሳይሰስት ይነግረዋል። ደመወዙ ግን አንድ ቦታ፣ ዕውቀቱ ሌላ ቦታ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥርዓቱን በውጤት ላይ እንዲመሠረት አድርጎታል። ለየሙያው የሙያ ደረጃ ይዘጋጃል፤ ሥርዓቱ ሲጀመር ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይደርስ ነበር። በየደረጃው ባለሙያው ሊሠራቸው የሚገቡ ተግባራት አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። እኛ «ሲኦሲ» የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና የሚደረገው በዚያ ዝርዝር ነው። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ምዘናው ኮሌጅ ለተማረ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ፣ በአባቱ ሱቅ ወይም በራሱ ጥረት ለተማረም ክፍት ነው። የሚጠየቀው የት ተማርክ ሳይሆን መሥራት ትችላለህ ወይ ነው። ከኢጃዛው ጥያቄ ጋር ምንኛ ይመሳሰላል!

ይህን ስነግረው ወንድሜ ሳቀ። «አንተ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፈተና ልቀመጥ?» አለኝ። ግን ተመዘገበ። የተግባሩን ምዘና ያለ ችግር አለፈ። የጣለው የጽሑፉ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሁሉ «ኩሽኔታ» ሲለው የኖረውን ወረቀቱ «ቤሪንግ» ይለዋል። «ቺንጋ» የሚለውን «ቤልት» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱን እያወቀ ጥያቄውን አላወቀውም። ከዚያ በኋላ ልጁ ማታ ማታ የሙያ ደረጃውን ዝርዝር እያነበበለት፣ እሱ ደግሞ «እሱማ ይኼ ነው» እያለ ዕቃውን እያሳየው ከረሙ። በሁለተኛው ዙር ብቁ ተባለ። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ የተማረው ሙያ አልነበረም። የተማረው የራሱ ሙያ በወረቀት ላይ የሚጠራበትን ስም ነው።

ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችንንም እናስብ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለመሄድ የስምንተኛ ክፍል ትምህርትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጠይቆ ነበር። ስትሄድ ትመዘናለች። ስትመለስስ? ጎረቤታችን ስድስት ዓመት ለትልቅ ቤተሰብ ስታበስል፣ ሕፃን ስታሳድግ፣ አዛውንት ስታስታምም ኖራ መጣች። አገሯ ገብታ ምግብ ቤት ሥራ ስትጠይቅ «ልምድ አለሽ?» ተባለች። ስድስቱ ዓመት የሰው ቤት ውስጥ ስላለፈ እንደ ልምድ አልተቆጠረላትም። የምግብ ዝግጅት ምዘና ሊኖር እንደሚችል የነገራት ሰውም አልነበረም።

የተማሩትም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። አሜሪካ በተለይ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ትምህርት የሚጀምሩት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። እዚያ ሁለት ዓመት ተምሮ የያዙትን ክሬዲት ወደ ዩኒቨርሲቲ ማዛወር የተለመደ ነው። ሳይማሩ የሚያውቁትን በፈተና አስመስክሮ ክሬዲት ማግኘትም ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆነው «ክሌፕ» የተባለው ፈተና ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ የሥራ ልምድን በማስረጃ አደራጅቶ ለሚያቀርብ ሰው ክሬዲት ይሰጣሉ።

ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ እዚህ ሁለት ዓመት አካውንቲንግ ተምራ ነበር። ትራንስክሪፕቷን አስገመገመች። ኮሌጁ ግን የኮርሶቹን ዝርዝር ይዘት ጠየቃት፤ የትኛው ኮርስ ምን እንደሚያስተምር የሚናገር ወረቀት አልነበራትም። ስለዚህ ግማሹን በተጓዳኝ ኮርስነት ብቻ ቆጠሩላት። ከሙያዋ ዋና ኮርሶች ጋር የሚመጣጠኑ ስለመሆናቸው ማረጋገጥ አልቻለችምና ያወቀችውን እንደገና ከፍላ ተማረች።

ወንድሜና የአክስቴ ልጅ አንዱ ወረታ፣ አንዷ ቨርጂኒያ ናቸው፤ ችግራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ዕውቀቱ አላቸው። የጎደላቸው ዕውቀቱ ቆጣሪው በሚያውቀው ስም ተዘርዝሮ መቅረቡ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን በአብዛኛው ሰው የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሚያነብ ሰው፣ የሚጽፍ ሰው፣ አብሮ የሚሄድ ሰው!

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማሽን ጠጋኝ፣ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ምግብ አብሳይ ያለበት ቤት ሁሉ የሙያውን ደረጃ ዝርዝር ይፈልግ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የምዘና ማዕከላት ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። የተማረው ልጅ ለአባቱ ያንብብለት።

ሁለተኛ፣ አሠሪ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ሠራተኛችሁ ሲለቅ የምትሰጡት ደብዳቤ «ጥሩ ሠራተኛ ነበር» ብቻ አይበል። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ፣ ምን ማሽን ላይ እንደሠራ፣ ምን እንደሚጠግን ይዘርዝር። ያ ደብዳቤ አማና ነው።

ሦስተኛ፣ ከአገር የምትወጡ ተማሪዎች፣ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የኮርሶቹን ዝርዝር ይዘት ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ከሄዱ በኋላ ማስፈለግ አድካሚ ነው።

አራተኛ፣ ሐሰተኛ ወረቀት የሚሸጥላችሁን ራቁት። አንድ ሐሰተኛ ማስረጃ በተያዘ ቁጥር እውነተኛው ባለሙያም ይጠረጠራል፤ የሌላውን ልፋት መብላት ነው።

ለመዛኞችም አንድ ቃል አለኝ። የሙያ ሰው ዕቃውን በገበያው ስም እንደሚጠራው አትዘንጉ። ጥያቄው ውስጥ «ቤሪንግ» ብላችሁ ከጎኑ «ኩሽኔታ» ብትጨምሩ ምዘናው አይቀልም፤ ፍትሐዊ ይሆናል።

ወንድሜ አሁን የደረጃ ማስረጃ አለው። ደመወዙ ገና ብዙ አልተለወጠም፤ እዚያው መፈልፈያ ቤት ነው። ግን በሚቀጥለው ዙር ለከፍተኛው ደረጃ ሊመዘገብ ነው፤ ከእሱ በኋላም ሦስት የሥራ ጓደኞቹ ተመዝግበዋል። ልጁም አሁን ማታ ማታ የሚያነበው ለአራት ሰው ሆኗል።