የሥራ ፈቃድ የሌላቸው ሐኪም

በአሜሪካ ባሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት የስደት ምስክርነት የታወቀ መልክ አለው። አንድ ወንድም ማይክ ይይዝና "ስመጣ በኪሴ ምንም አልነበረም" ይላል። ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ሌሊት አጠናሁ፣ ጌታ ረዳኝ፣ ዛሬ ይኸው ይላል። ጉባኤው በእልልታ ይሞላል። እኔም እልል ከሚሉት አንዷ ነኝ። የሚያሳስበኝ ማይኩ የማይደርሳቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። በእኛ ኅብረት ውስጥ አገር ቤት ለአሥር ዓመት በሐኪምነት ያገለገለ፣ እዚህ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመኪናው ዕቃ የሚያደርስ ወንድም አለ። ፈተናዎቹን አልፏል፤ ሬዚደንሲ ለሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና የሚቀበለው ግን አላገኘም። ከአምልኮ በኋላ ቡና ላይ ሰው "ዶክተር" ብሎ ሲጠራው ስኒውን ያያል እንጂ ቀና አይልም። ስለ እርሱ ስጸልይ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት የቬትናም ሐኪሞች ናቸው።

ለምን ቬትናሞች ትሉኝ ይሆናል። የምሠራው በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የአረጋውያን የቀን መዋያ ነው። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ ቬትናማውያን ናቸው፤ ጥቂቶቹ የእኛ እናቶችና አባቶች። ፎልስ ቸርች አካባቢ የምትኖሩ ኢደን ሴንተርን ታውቁታላችሁ፤ ባለ ሦስት ቀይ መስመሩ ቢጫ ባንዲራ እስከ ዛሬ የሚውለበለብበት ገበያ ነው። የባንዲራው አገር፣ ደቡብ ቬትናም፣ ከካርታ ከጠፋች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ደግሞም እኛ የእነርሱ ባለዕዳዎች ነን። በ1980ዎቹ ከሱዳን ካምፖች ወደዚህ የመጡት ወገኖቻችን የገቡት ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1980 በፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። ያንን ሕግ ካፋጠኑት ነገሮች ዋነኛው በባሕር ላይ ሲንከራተት የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው የቬትናሞች መከራ ነበር። በሩን ያንኳኩት እነርሱ ናቸው፤ እኛ ከኋላቸው ገባን።

ሳይጎን የወደቀችው በ1975 ኤፕሪል 30 ነው። በዚያ ዓመት 130,000 ያህል ሰዎች ወደ አሜሪካ መጡ፤ በመካከላቸው ብዙ ሐኪሞች ነበሩ። ጦርነቱ በቆየባቸው ዓመታት የደቡብ ቬትናም ወንድ ሐኪም ዲግሪውን ሲይዝ በአብዛኛው የሚጠብቀው የወታደር ልብስ ነበር፤ ስለዚህ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሐኪም ሌላው በሕይወት ዘመኑ የማያየውን ያህል ቁስል አይቷል። የተማሩት ግን በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። የሳይጎን የሕክምና ፋኩልቲ ሥሩ ፈረንሳዮች በ1902 ሃኖይ ላይ የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው፤ የእንግሊዝኛው ነገር የመጣው ዘግይቶ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሆድ ከፍቶ ጥይት ያወጣ ሰው በካሊፎርኒያ በካምፕ ፔንድልተን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ከአራትና ከአምስት አማራጮች ትክክለኛውን ምረጥ ለሚል ፈተና ይዘጋጃል። ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ሬዚደንሲውን እንደ አዲስ ምሩቅ ከሥር ይጀምራል።

ከካምፕ ለመውጣት ኃላፊነት የሚወስድ ስፖንሰር ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ካቶሊኮቹ፣ ሉተራኖቹ፣ ቸርች ወርልድ ሰርቪስና ሌሎችም በየከተማው ያሉ ምእመናንን አስተባበሩ። አንድ አጥቢያ አንድ ቤተሰብ ይወስዳል፤ ቤት ይከራያል፣ ፍሪጅ ይሞላል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘግባል፣ ለአባትየው ሥራ ይፈልጋል። በጦርነቱ ላይ የነበረው ቅሬታ ባልበረደበት፣ ብዙ አሜሪካውያን እነዚህን ሰዎች ማየት በማይፈልጉበት ጊዜ ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ጉድለትም ነበረው። መንግሥት ስደተኞቹን በመላው አገር ለመበተን ስለ ፈለገ አንዳንዱ ቤተሰብ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር አንድ ሰው በሌለበት በረዷማ ከተማ ብቻውን ወደቀ። ቤተ ክርስቲያን ቤት ሰጠች፤ የአገር ሰው ጎረቤት ግን መስጠት አልቻለችም። ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ቴክሳስ የሄዱት ለዚህ ነው። ስፖንሰሮቻቸው ቅር ቢላቸው አይገርመኝም፤ ሐበሻ ወዳለበት ለመሄድ ብላ ጥሩ ሥራ የተወች እህት ግን ነገሩ ወዲያው ይገባታል።

በ1975 የመጡት ሐኪሞች ከኋላ ከመጡት ጋር ሲነጻጸሩ እድለኞች ነበሩ። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የማጠናከሪያ ኮርስ ከፈቱላቸው። ሐኪም ያጡ የገጠር ከተሞችም ነበሩ። ቀን የሆስፒታል አልጋ እየገፉ ማታ የተማሩ ብዙዎች ወደ ሙያቸው ተመለሱ። ከሁሉ የሚነካኝ የዲፕሎማው ነገር ነው። በሄሊኮፕተርና በመርከብ የሸሸ ሰው ወረቀቱን ሁሉ ይዞ አይወጣም። ሐኪም መሆንህን በምን ታረጋግጣለህ? አብረው የተሰደዱ መምህራን ነበሩ፤ "ይህን ሰው አስተምሬዋለሁ፣ አውቀዋለሁ" ብለው በፊርማቸው መሰከሩላቸው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የምስክር ደብዳቤዬ እናንተ ናችሁ ያለውን በዚህ ዓይን አንብቤው አላውቅም ነበር።

በአገራቸው የቀሩት ሌላ መንገድ ሄዱ። በ1975 ሰኔ የቀድሞው ጦር መኮንኖች፣ ሐኪሞቹም ጭምር፣ የሠላሳ ቀን ስንቅ ይዘው ለተሃድሶ ትምህርት እንዲቀርቡ ታዘዙ። ተሃድሶ የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን። የሠላሳ ቀን ስንቅ የያዙት ሰዎች ሦስት፣ አምስት፣ አንዳንዶቹም ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ሲለቀቁ ብዙዎች ወደ ጀልባ ሄዱ። ከ1975 እስከ 1995 ወደ 800,000 የሚጠጉ ቬትናማውያን በጀልባ ጎረቤት አገሮች ደርሰዋል። በማዕበልና በባሕር ወንበዴዎች እጅ የቀሩትን ቁጥር በትክክል የሚያውቅ የለም።

ከደረሱባቸው ቦታዎች አንዷ ፑላው ቢዶንግ የምትባል የማሌዥያ ደሴት ናት። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1979 አጋማሽ 40,000 ያህል ሰው ተጨናንቆባት ነበር፤ ውኃው በራሽን፣ ቤቱ ከእንጨትና ከላስቲክ። በዚያ ዓመት ፈረንሳዮች ኢል ደ ሉሚዬር የምትባል መርከብን ሆስፒታል አድርገው ከደሴቲቱ አጠገብ አቆሟት። በደሴቲቱ ላይ ግን ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ ሐኪሞች ራሳቸው በሽተኛ ያዩ፣ ያዋልዱ፣ ቁስል ይሰፉ ነበር። ትናንት ከጀልባ የወረደ ሐኪም ዛሬ ቆሞ ያክማል። ፈቃድህን አሳየኝ ያለው ሰው አልነበረም።

ቢዶንግን ባሰብኩ ቁጥር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ና 28 ትዝ ይለኛል። ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ የምናውቀው ጳውሎስ በእስር ሆኖ ወደ ቆላስይስ በጻፈው ሰላምታ ነው። ያን የመርከብ መሰበር ሲተርክ "እኛ" እያለ ነው የሚጽፈው፤ እርሱም ከ276ቱ ነፍሳት አንዱ ሆኖ ባሕር ውስጥ ነበር። ርሶ፣ በርዶት፣ ንብረቱን አጥቶ መላጥያ ወጣ። የደሴቲቱ ሰዎች ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት አነደዱላቸው። ከዚያ ሕመምተኞች መጡ። ጳውሎስ እጁን ጭኖ እንደ ጸለየና እንደ ተፈወሱ ተጽፏል፤ ሐኪሙ ሉቃስ ምን እንዳደረገ ግን አልተጻፈም። ጸሐፊው ራሱ ስለሆነ ይሆን? እኔ ቁጭ ብሎ ያየ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኛ መዋያ ልመልሳችሁ። እዚያ ቬትናማውያኑ ሁሉ "ባክ ሲ" የሚሏቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ በቋንቋቸው ሐኪም ማለት ነው። በሳይጎን ትልቁ የጦር ሆስፒታል በኮንግ ሆዋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ስድስት ዓመት በተሃድሶ ካምፕ ቆይተዋል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ታስረው ለነበሩት አሜሪካ በከፈተችው ፕሮግራም ከባለቤታቸው ጋር ሲመጡ 1991 ነበር፤ ዕድሜያቸው 52። የማጠናከሪያው ኮርስ ካለቀ ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ፈተናው ራሱ ተለወጠ፤ ሬዚደንሲውም ወጣትና ቅርብ ጊዜ የተመረቀ ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ ተፈትነው አላለፉም።

ከዚያ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በእንፋሎት በሚጸዱበት ክፍል ተቀጠሩ፤ አሥራ ሰባት ዓመት እዚያ ሠሩ። ሌሎች ሐኪሞች የተጠቀሙበትን መቀስና መቆንጠጫ ያጥባሉ፣ ይቆጥራሉ፣ በየትሪው ይደረድራሉ። ትሪው ሲመጣ አይተው ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደ ነበረ፣ አንዳንዴም ነገሩ እንዳሰቡት እንዳልሄደ ያውቁ እንደ ነበር አንድ ቀን አጫወቱኝ። ያሳዝንዎት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አዎ አሉ፤ በየቀኑ። ከዚያ ግን የጎደለ ዕቃ ያለበት ትሪ አንድም ቀን አልላክሁም አሉ። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የተናገሩት።

እኛ የወንጌል አማኞች ለመጀመሪያው መልስ ጆሮ የለንም። ሰው "በየቀኑ ያሳዝነኝ ነበር" ሲለን "ግን ጌታ መልካም ነው" ብለን እንሸፍነዋለን፤ አፉን እንዲዘጋ እንረዳዋለን። በባቢሎን ወንዞች ዳር በገናቸውን የሰቀሉት ሰዎች መዝሙር ተጠይቀው እንቢ አሉ፤ እንቢታቸው ግን መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ገባ። አሥር ዓመት የለፋበትን ሙያ የቀበረ ሰው ለቅሶ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ እኛም አጠገቡ ልንቀመጥ። ሳናውቀው ያን ወንድማችንን ያስጎነበሰው የእኛ ችኮላ ይሆን እላለሁ።

አዛውንቱ ቡድሂስት ናቸው። ስለ ጌታ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያዳምጣሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ሻይ ይቀዱልኛል። እጸልያለሁ።

በመዋያው ውስጥ ማከም አይፈቀድላቸውም፤ ሕጉን ከማንም በላይ የሚያከብሩት ደግሞ እርሳቸው ናቸው። ግን ከምሳ በኋላ አረጋውያኑ የመድኃኒት ጠርሙሶቻቸውን በላስቲክ ይዘው ጠረጴዛቸው ዘንድ ይሰለፋሉ። እርሳቸው ጠርሙሱን አንድ በአንድ ያነባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ዝም ብለው ያስባሉ። ከዚያ በትንሽ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ በተጻፈ እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጽፋሉ፤ በቀጠሮ ቀን ለሐኪማቸው የሚሰጡት ጥያቄ። መድኃኒት አያዙም፣ ተው ወይም ጨምር አይሉም። ጥያቄ ብቻ።

ባለፈው ክረምት እናቴም ተሰለፈች። እግሯ እያበጠ ጫማ አልገባ ብሏት ነበር፤ እርሷ እርጅና ነው ብላ ተቀብላዋለች። እኔ በመሐል ሆኜ አስተረጎምኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው አሉ። ከፋሲካ ወዲህ አለች። አምሎዲፒን የተባለው የደም ግፊት ኪኒን ላይ የተጻፈውን ቀን አዩና ወረቀቱን አነሱ። ሦስት ጥያቄ ጻፉ፤ የመጀመሪያው እብጠቱ ይህ ኪኒን ከተጀመረ በኋላ የመጣ ስለሆነ ከእርሱ ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነበር።

የእናቴ ሐኪም ወጣት ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ማን ጻፈው አለችኝ። ሐኪም ነው አልኳት። የት ነው የሚሠሩት አለችኝ። እኛ ጋ አልኳት። ኪኒኑን ቀየረችላት፤ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ጫማዋን አጠለቀች። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ለአባ ባክሲ ብላ በላስቲክ ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች። ጥርሳቸው ስለማይችለው ሻይ ውስጥ ነክረው ነው የሚበሉት።