ስካርና የተሸሸገ እስራት

የመንግሥት ምስጢር የሚሰጠው ሰው ሁለት ነገር እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ይኸውም ልጓም ያለው አፍና ከእውነት የማይሸሽ ልብ ነው። መጠጥ የፊተኛውን ይፈታዋል፤ ሐሰትም የኋለኛውን ያበላሸዋል። መጽሐፈ ምሳሌ ነገሥታት ከወይን ጠጅ እንዲጠበቁ፤ የጳውሎስም መልእክት ኤጲስ ቆጶስና ዲያቆን ለመጠጥ እንዳይገዙ የሚመክሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ በጅማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ መዝገብ ስይዝ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። በመኸር ጊዜ ቡና ሲለቀም በአጋሮም በሊሙም በጌራም ገንዘብ ይገባል፤ ገንዘቡ በገባበት ማታ ከአረቄ ቤት የተነሣው ጠብ በማግሥቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፤ ሲሰነብትም ወደ እኛ መዝገብ ይመጣል። አገራችን የማር አገር ናት፤ ነገር ግን ከዚያው ከአንዱ ማር ያልፈላው ብርዝ እንግዳ ሲያስደስት፤ ጌሾ ገብቶበት የፈላው ጠጅ ያለ ልክ ሲጠጣ ወንድማማቾችን ያጣላል።

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «አጎቴ ሆይ፤ የዚህን አገር ዜግነት ተቀብያለሁና ምስጢር ወዳለበት የመንግሥት ሥራ ልገባ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጠጥቼ መኪና ስነዳ ተይዤ አንድ ሌሊት ታስሬአለሁ። ክሱ ተሰርዟል፤ እናቴም አልሰማችም። በመጠይቁ ላይ ሳልጽፈው ብቀር ማን ያውቃል? ይምከሩኝ።»

እኔም የዚያን አገር ሥርዓት መረመርሁ። መጠይቁ በ86 ቁጥር የታወቀ ነው። ስለ ብዙው ዓይነት እስራት ያለፉትን 7 ዓመታት ብቻ ሲጠይቅ፤ መጠጥ ወይም ዕፅ ስላለበት ክስ ግን ዘመን ሳይወስን ይጠይቃል፤ ክሱ ቢሰረዝም መልስ ይሻል። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ ላይ የዋሉት መመዘኛዎች 13 ሲሆኑ፤ አንዱ ስለ መጠጥ፤ ሌላው ስለ ጠባይና ስለ እውነተኛነት ነው። ነገሩ የቆየ ከሆነና ሰውየው መጠጡን ከተወ ወይም ልክ ካበጀለት፤ ወይም ታክሞ ከዳነ ይህ ሁሉ ይታሰብለታል። አውቆ መደበቅ ግን ራሱን የቻለ አዲስ በደል ነው፤ ለመንግሥቱ ሆን ብሎ ሐሰት የጻፈ እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

የእኛም አገር ሕግ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 በስካር ልማድ ሥራን መበደል ከከባድ ጥፋቶች ቆጥሮት ነበር። ዳሩ ግን መያዝ መፈረድ አይደለም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ካልተባለ በቀር እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር አዝዟል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ቅጣቱን ለጨረሰ ሰው፤ ጽኑ እስራት ቢሆን ከ5 ዓመት፤ በሌላው ከ2 ዓመት በኋላ፤ ጠባዩ መልካም ሆኖ ሲገኝ መሰየም የሚባለውን በር ከፍቶለታል።

እንግዲህ ሕግ እንዲህ የሚምር ከሆነ ሰው ስለ ምን ይሸሽጋል? መዝገብ ስገልጥ እንዳየሁት ብዙው ሰው ከዳኛው ይልቅ ቤተሰቡን ያፍራል። ነገር ግን የተሸሸገ ነገር አበዳሪው ያልታወቀ ዕዳ ነው። የያዘው ፖሊስ ያውቃል፤ አብሮት የጠጣው ባልንጀራ ያውቃል፤ መዝገቡን የጻፈውም ያውቃል፤ ከእነዚህም ማናቸውም አንድ ቀን ክፍያ ሊጠይቀው ይችላል። መንግሥትም ይልቁን የሚፈራው የዚያን ሌሊት ስካር ሳይሆን፤ ሰውየው በዚያ ገመድ እንዳይጎተት ነው።

ስለዚህ «ልጄ ሆይ፤ አስቀድመህ ለእናትህ ንገራት፤ ከዚያ በኋላ መጠይቁን መሙላት አይከብድህም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብዬ ጻፍሁለት። እርሱም በስልክ ነገራት። እኅቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «አሁንስ ትጠጣለህ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። እርሱም «ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልቀመስሁም» አላት። መጠይቁንም አንዳች ሳያጎድል ሞልቶ ሰጠ፤ ውሳኔው እስካሁን አልመጣም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ይህች ያልተማረች እናት የጠየቀችው ጥያቄ የታላቅ መንግሥት መርማሪዎች ከሚጠይቁት ዋናው ነው። በቤታችሁም ልጅ ወይም ወንድም የወደቀ እንደ ሆነ፤ ከቁጣ አስቀድማችሁ ይህንኑ ጠይቁት። በቤቱ እውነትን ተናግሮ መኖር የለመደ ሰው፤ በአደባባይ ሲጠየቅ ሐሰት አይፈልግምና።