አባዬ በድንኳን አደረ

ለብዙዎቹ ወላጆቻችን ድንኳን ወይ ሰርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ። ስለዚህ አባዬን «ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን እንደር» ስለው «ቤት እያለን?» አለኝ። እናቴም «እዚህ ጅብ ባይኖር ድብ አለ» ብላ ቀረች።

አባዬ ኮሎራዶ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ተራሮቹን ግን የሚያያቸው ከሚነዳው ታክሲ መስታወት ብቻ ነበር። ባለፈው ሐምሌ በስንት ልመና እሺ አለ። ጋቢውን፣ ጀበናውንና አንድ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ ጭኖ ከአውሮራ ወጣን።

በ285 መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄድን። ኮሎራዶ ውስጥ በከተሞቹ መግቢያ ላይ ከፍታቸው በጫማ ይጻፋል። እኔ ወደ ሜትር እየቀየርኩ አነባለሁ፤ ደብረ ብርሃን የተወለደው አባቴ ደግሞ ስም ያወጣል። ሳላይዳ ከተማ ወደ 2,150 ሜትር ነው። «ወይና ደጋ!» አለ። ሞናርክ በሚባለው የተራራ ማለፊያ 3,448 ሜትር ላይ ወርደን ነፋሱ ሲመታን «ይሄማ ውርጭ ነው» አለ።

ቃሎቹን ከአማርኛ ትምህርቴ አውቃቸዋለሁ። ቆላ እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300 ገደማ፣ ደጋ እስከ 3,200 ገደማ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ሸምድጃቸው ነበር፤ በቆዳዬ የገቡኝ ግን ያን ቀን ነው።

ሞንትሮዝ ላይ በ550 መንገድ ወደ ደቡብ ታጥፈን ዩሬይ ደረስን። በተራራ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟ የአገሬው ተወላጆች ከሆኑት የዩት ሕዝብ መሪ የተወሰደ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ገደል ጫፍ ላይ ይጠማዘዛል። በብዙ ቦታ የመንገድ ዳር አጥር የለውም፤ አንዱ ምክንያት በረዶ ጠራጊ መኪናዎች በረዶውን ወደ ገደሉ እንዲገፉት ነው። ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና ደግሞ የሚያልፈው በገደሉ በኩል ነው። እኔ ወንበሩን ጨብጬ ይዣለሁ፤ አባዬ መሪውን ይዞ «ጣርማ በርን የነዳ ሰው ይሄን ይፈራል?» እያለ ይስቃል።

ማታ ሲልቨርተን ገባን። የድሮ የማዕድን ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ ከሰባት መቶ አይበልጥም። ከፍታዋ 2,840 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃንም ያንኑ ያህል ናት። ይህን ስነግረው አባዬ ዝም አለ። መኪናውን አቁሞ ወረደና አየሩን ሳበ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ድንኳናችንን ተከልን። ድብ እንዳይመጣብን ምግቡን መኪና ውስጥ ቆለፍንበት። ብርዱ ሲበረታ አንዱን ጋቢ ለሁለት ተከናነብን።

«እናቴ ስታርፍ እኔ እዚህ ነበርኩ» አለ በጨለማው። ያኔ ጥገኝነት ጠይቆ ወረቀቱ ገና አላለቀለትም ነበር፤ ከወጣ መመለስ አይችልም። «ደጃችን ላይ ድንኳን ተተከለ። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀመጠ። ልጇ ብቻ አልተቀመጥኩም።»

ይህን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ነግሮኝ አያውቅም። «ነፍስ ይማር» አልኩት። «ያኑርሽ ልጄ» አለኝ። መልሱ እንደዚያ መሆኑን የተማርኩት ያን ሌሊት ነው። ከዚያ ስለ አያቴ እስኪነጋ አወራኝ፤ ስለ ኩበቷ ጭስ፣ ማለዳ ሜዳውን ስለሚያነጣው ውርጭ፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ስለምትጨምርለት ትኩስ ቆሎ።

እናንተም ወላጆቻችሁን ስለ አገራቸው ጠይቃችሁ «ምን አለ፣ ደህና ነበር» የሚል መልስ ብቻ ካገኛችሁ፣ ረጅም መንገድ ይዛችኋቸው ውጡ። እዚያ ተራሮች መሃል ስልክ ለሰዓታት አይሠራም። ሰው ፊት ለፊት የማይለውን ጎን ለጎን ተቀምጦ ይናገራል። ያልገባችሁን ቃል እዚያው ጠይቁ፤ አባዬ ስጠይቀው ደስ ይለዋል እንጂ አይሰለችም።

ለሚመጣው ሐምሌ ዱራንጎ ድረስ ልንሄድ አስበናል። ዱራንጎ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ዝቅ ትላለች። አባዬ ከወዲሁ «ወይና ደጋ ናት፤ ጋቢ አያስፈልግም» ብሏል። እናቴ ግን እሷም ስለምትመጣ ሁለት ጋቢ እንደሚጫን ነግራናለች።