በፓርል ተራራና በሩስታቬሊ ጎዳና

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ሰዓት የእናቱን ቋንቋ የተናገረ ተማሪ ደወል እስኪደወል ቆሞ እንዲማር የሚያዝ ነው። ሕጉን ከራሴ አስተማሪዎች የወረስሁት ስለ ሆነ ተጠራጥሬው አላውቅም ነበር። ያስጠረጠረኝ ጉዞ ነው፤ እሱንም ለውድ አንባቢያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታላቅ ወንድሜ በደቡብ አፍሪቃ፥ በኬፕታውን አካባቢ፥ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአውሮፕላኑን ዋጋ ችሎ አስመጣኝ። አንድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ ፓርል ወደምትባለው ከተማ ይዞኝ ሄደ። ፓርል ከኬፕታውን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወይን እርሻ ተከባ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በሆላንድ ቋንቋ «ሉል» ማለት ሲሆን፥ ይህም ከበላይዋ ባለው ተራራ ላይ ያሉት ታላላቅ ድንጋዮች ዝናብ ሲያጥባቸው ስለሚያብረቀርቁ ነው። እኛም በደረስንበት ቀን ካፊያ ስለ ነበረ ሲያብረቀርቁ አየናቸው።

በዚሁ ተራራ ላይ አንድ ታላቅ ሐውልት ቆሟል። የቆመውም ለንጉሥ ወይም ለጦር አለቃ ሳይሆን ለቋንቋ ነው፤ ለአፍሪካንስ። የአውሮፓን ቋንቋዎች የሚያመለክቱ ዓምዶች፥ የአፍሪቃን የሚያመለክቱ ክብ ጉብታዎች፥ እንዲሁም የማላዮችን የሚያመለክት ግንብ አሉት። ከሁሉም በላይ 57 ሜትር የሚሆን ዓምድ ወደ ሰማይ ይወጣል።

«ጋሼ፥ ይህን ቋንቋ እንዴት ለመድኸው?» ብዬ ወንድሜን ጠየቅሁት።

«ግሱ አያስጨንቅም» አለኝ። «ኤክ ሎፕ፥ ዬይ ሎፕ፥ ሄይ ሎፕ፥ ኦንስ ሎፕ። የሚራመደው እኔም ሆንሁ አንተ፥ እሱም ሆነ እኛ፥ ግሱ አይለወጥም። ደግሞ ‹እንግሊዝኛ አልናገርም› ለማለት ‹ኤክ ፕራት ኒ ኤንግልስ ኒ› ይላሉ። እምቢታውን ሁለት ጊዜ ነው የሚናገሩት።»

እኛም እኮ «አል» ብለን ጀምረን «ም» ብለን እንዘጋለን! ይህን ስነግረው ወንድሜ በጣም ሳቀ።

የሆላንድ ነጋዴዎች ማኅበር በኬፕ የሰፈረው በ1652 ነው። የሰፋሪዎቹን ቋንቋ ከእስያ የመጡ ባሮችና የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ኮይኮዮች እየተናገሩት ሌላ መልክ ሰጡት። «ብዙ» የሚለው ቃል «ባየ» ከማላይ፥ ጥቃቅን ነፍሳትን የሚጠራው «ኾኻ» ከኮይኮይ የተገኙ ናቸው። የተማሩ ሰዎች ግን «የማድ ቤት ቋንቋ» እያሉ ይንቁት ነበር። በ1875 በፓርል አንድ ማኅበር ተቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት፥ በ1876፥ በዚሁ ቋንቋ ጋዜጣ ማተም ጀመረ። በ1877 ደግሞ ለኬፕ እስላሞች በአፍሪካንስ፥ ነገር ግን በዐረብ ፊደል የተጻፈ የሃይማኖት መጽሐፍ በኢስታንቡል ታተመ። ከእንግሊዞች ጋር የተደረገው ጦርነት በ1902 ካበቃ በኋላ፥ የአባቶቹን ቋንቋ በትምህርት ቤት የተናገረ ልጅ የውርደት ሰሌዳ በአንገቱ ይንጠለጠልበት እንደ ነበር ይተረካል። ቋንቋው የመንግሥት ቋንቋ ለመሆን የበቃው በ1925 ነው።

ስለ ሰሌዳው ስሰማ ቆመው የሚማሩት ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ።

የሚያሳዝነው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የአፓርታይድ መንግሥት የጥቁር ልጆች የትምህርታቸውን እኩሌታ በአፍሪካንስ እንዲማሩ አዘዘ። በፓርል ያለው ሐውልት በጥቅምት 1975 ተመረቀ። ከስምንት ወር በኋላ፥ ሰኔ 16 ቀን 1976፥ በጆሃንስበርግ አጠገብ በምትገኘው በሶዌቶ ተማሪዎች ትእዛዙን በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስም ተኮሰባቸው። ከሞቱት መካከል የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ይገኛል። በቋንቋው ምክንያት ተዋርዶ የነበረ ወገን ቋንቋውን በሰው ልጅ አፍ ላይ በግድ ጫነ።

ከዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለአንድ ወር የመምህራን ሥልጠና ወደ ጆርጂያ ዋና ከተማ ወደ ትብሊሲ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ ያየሁት ነገር ትርጉሙ የገባኝ በፓርል ተራራ ላይ ነው።

ጆርጂያኛ በሁሉ ነገር የአፍሪካንስ ተቃራኒ ነው። አፍሪካንስ የትናንት ልጅ ሲሆን፥ ጆርጂያኛ በቦልኒሲ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ላይ ከአምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተቀርጾ ይገኛል። ዘመዶቹም በአካባቢው የሚነገሩ ሦስት ትናንሽ ቋንቋዎች ብቻ ናቸው። የራሱ የሆኑ 33 ፊደላት አሉት። በዚያም አገር «ማማ» ማለት አባት፥ «ዴዳ» ማለት እናት ነው!

አስተማሪያችን ሁለት ቃል አስጠኑን፤ «ካሪ» ነፋስ፥ «ቃሪ» በር። ከአውሮፓ የመጡት ጓደኞቼ በሩንና ነፋሱን መለየት አቅቷቸው ሲጨነቁ፥ እኔ «ቀ»ን ከሕፃንነቴ ስለማውቃት ያለ ድካም ተናገርሁ። ቀጥለውም «ግቭፕርትስክቭኒ» የሚል ቃል ጻፉ፤ ስምንት ተነባቢና አንድ አናባቢ! ትርጉሙ «ትልጠናለህ» ማለት ነው። ላጩም ተላጩም በአንድ ቃል መግባታቸው ጓደኞቼን አስደነቃቸው፤ እኔን ግን አላስደነቀኝም።

ጆርጂያ በሩሲያ ቄሣር ሥር ሳለች፥ ያኮብ ጎጌባሽቪሊ የተባለ መምህር ለልጆች የንባብ መጽሐፍ አዘጋጀ። ስሙ «ዴዳ ኤና» ሲሆን፥ «የእናት ቋንቋ» ማለት ነው። የታተመውም የፓርሉ ጋዜጣ በወጣበት በ1876 ነው። መቶ ዓመት አልፎ፥ በሶቪየት ዘመን፥ ጆርጂያኛን የመንግሥት ቋንቋ ያደረገው አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ሊወጣ ታሰበ። ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው ተነሥተው በሩስታቬሊ ጎዳና ወደ መንግሥቱ ሕንፃ ጎረፉ። መንግሥትም አንቀጹን ሳይነካ ተወው፤ ቀኑም የጆርጂያኛ ቋንቋ ቀን ሆኖ ይከበራል።

በሶዌቶና በትብሊሲ ሰልፎች መካከል ያለው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። በአንዱ ተማሪ ቋንቋ እንዳይጫንበት፥ በሌላው ቋንቋው እንዳይወሰድበት ወጣ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ይመስለኛል። በአፍሪካንስም አልፈርድም፤ ዛሬ አፍ ከፈቱበት ሰባት ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል ነጭ ያልሆኑት ይበዛሉ። በወንድሜ ሱቅ ደጃፍ ሲቀልዱበትና ልጆቻቸውን ሲያባብሉበት ሰምቻለሁ።

መስከረም ላይ ክፍሌ ስገባ ሕጉን ሻርሁት። አሁን በእናቱ ቋንቋ የተናገረውን ተማሪ ቃሉን በሰሌዳው በአንድ ወገን እንዲጽፍ፥ እንግሊዝኛውንም ከጓደኞቹ ጋር ፈልጎ በሌላው ወገን እንዲያኖር አደርገዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ልማድ ሆኖበት ሳላዝዘው ተነሥቶ ቆመ። እንዲቀመጥ ብነግረውም ለጊዜው አላመነኝም ነበር።