ፍሬ ያልሆነችው የአሌፖ ፍሬ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በሐሳብ ወደ ሶርያ፣ ዐረቦች ሐለብ ወደሚሏት ወደ አሌፖ ከተማ ልውሰድህ። በጥንታዊው ምሽግ አጠገብ፣ ጣሪያው በድንጋይ የተሸፈነ ረጅም ገበያ አለ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ እሳት ብዙውን ክፍል በላው፤ ከዚያ ወዲህ ከፊሉ ታድሷል። በ1574 የተሠራው ካን አል ጉምሩክ የሚባለው የነጋዴዎች ማደሪያም በዚሁ ገበያ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ያረፉ የኤውሮፓ ነጋዴዎች ከሐርና ከጥጥ ጋር አንዲት ትንሽ፣ ድብልብልና ጠንካራ ነገር በጆንያ እያስጫኑ ወደ አገራቸው ይልኩ ነበር።

ብታያት ፍሬ ትመስልሃለች፤ ነገር ግን ፍሬ አይደለችም። አንዲት ደቃቃ ተርብ ባሉጥ በሚባለው ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ እንቁላሏን ስትጥል፣ ዛፉ በእጩ ዙሪያ ያብጣል፤ ያ እባጭ ነው የሚለቀመው። ነጋዴው ቀዳዳ ያላትን አይወድም። ተርቧ በስታ ሳትወጣ የተለቀመችው ትበልጣለች፤ ታኒን የሚባለው ቅመም በብዛት የሚገኘው በእርሷ ነውና።

የታኒንን ጠባይ ለማወቅ ያልበሰለ ሙዝ መንከስ ይበቃሃል። ምላስህን ጨምድዶ የሚይዘው እርሱ ነው። ፕሮቲንን ይዞ ስለሚያረጋ፣ ቆዳ ፋቂ ቆዳ ያለፋበታል፤ የድሮ ሐኪምም የሚደማ ድድ፣ ተቅማጥና ኪንታሮት ያክምበት ነበር። ከብረት ጨው ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ጥቁር ቀለም ይወጣዋል። የኤውሮፓ ጸሐፊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት መዝገባቸውን የጻፉት በዚሁ ቀለም ነው።

በ1925 በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ፣ ሐኪሙ ኤድዋርድ ዴቪድሰን የታኒን ውሃን ለተቃጠለ ገላ ሕክምና አቀረበ። ቁስሉ ቡናማ ቅርፊት አበጀ፤ ሥቃዩም ቀለለ። ዘዴው በብዙ አገር ተሰራጨ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ታኒኑ በሰፊው ቁስል በኩል ወደ ደም ገብቶ ጉበትን እንደሚጎዳ ታወቀ፤ ስለዚህም ተተወ።

ድድን የጠቀመው ቅመም ጉበትን ጎዳ፤ ልዩነቱ ያረፈበት ቦታና መጠኑ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአያቶችን መድኃኒት አትናቅ። ነገር ግን «ይህ ፍቱን ነው» ሲሉህ፣ «ለየትኛው ሕመም? ምን ያህል?» ብለህ ሳትጠይቅ እጅህን አትዘርጋ።